የዶክትሬቱ ገንዘብ በሌላ ስም ተቀምጧል

እ.ኤ.አ. በ1988 የሶማሊያው መሪ የሲያድ ባሬ የጦር አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ከመደብደባቸው በፊት የራዲዮ ሐርጌሳ ሰዎች ካሴቶቻቸውን አሸሹ። ገሚሱን ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት፤ ገሚሱን ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አሻገሩት። ከተማዋ ፈረሰች፣ ድምፁ ግን ተረፈ። ከዚያ ወዲህ በሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴቶች ተሰብስበው ወደ ዲጂታል ሲገለበጡ ቆይተዋል። ከዚሁ ክምችት ተመርጠው በ2017 የታተሙት ዘፈኖችም ለግራሚ ሽልማት የታጨ አልበም ሆነዋል።

ሶማሊኛ በላቲን ፊደል በይፋ መጻፍ የጀመረው በ1972 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ግጥም፣ ተረት፣ ዜናና ዘፈን አብዛኛው በሰው አፍና በክር ላይ ነው ያለው። ይህን ድምፅ መመዝገብ፣ በኮምፒዩተር እንዲፈለግ ማድረግ፣ ቋንቋው እንዴት እንደተለወጠ ከውስጡ አንጥሮ ማውጣት፣ ዲጂታል ሂውማኒቲስ የሚባለው መስክ ሥራው ይኸው ነው። ሐርጌሳ 26 ጁን ወረዳ ተቀምጣችሁ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ጎንደር ወይም ደብረ ብርሃን ያላችሁም፣ ለዶክትሬት የሚሆን ጥሬ ሀብት ከቤታችሁ በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ ሊሆን ይችላል። የሚቀረው ገንዘቡ ነው፤ እሱም ይገኛል።

ብዙ ጎበዝ ልጆች ይህን መስክ እየወደዱት ጥለውት ይሄዳሉ። በስሙ ስኮላርሺፕ ፈልገው ያገኙት ጥቂት ስለሆነ በሩ የተዘጋ ይመስላቸዋል። በሩ አልተዘጋም። ገንዘቡ በሌላ ስም ነው የተቀመጠው፤ በሥነ ልሳን፣ በታሪክ፣ በፊሎሎጂ፣ በአፍሪካ ጥናት፣ በቤተ መጻሕፍት ሳይንስ፣ በኮምፒዩተር ሳይንስ። የሐርጌሳን የባህል ማዕከል የሚመሩትን ዶክተር ጃማ ሙሴ ጃማን ተመልከቱ። ጣሊያን አገር ፒሳ ላይ ሒሳብ ተማሩ፤ የሶማሊ እረኞችን ባህላዊ ጨዋታ በሒሳብ ዓይን መረመሩ፤ በ2008 የሐርጌሳን ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ አቋቁመው ለዓመታት መሩ፤ ሰፊ የሶማሊኛ የጽሑፍ ክምችት በኮምፒዩተር አደራጁ። ዶክትሬታቸውን ያገኙት ከኔፕልስ ሎሪየንታሌ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የተመዘገበበት ስም የአፍሪካ ጥናት፣ ልዩ ሙያውም በአፍሪካ ቋንቋዎች ላይ የሚሠራ የኮምፒዩተር ሥነ ልሳን ነው።

ስለዚህ ፍለጋችሁን ከስኮላርሺፕ ዝርዝር ሳይሆን ከፕሮጀክት ጀምሩ። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ፣ በሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት ማዕከል «ቤተ መጻሕፍት» የሚባል ፕሮጀክት አለ። የብራና መጻሕፍቶቻችንን ዝርዝር፣ ጽሑፍ፣ የጸሐፊና የቦታ ስም በኮምፒዩተር በሚነበብ መልክ ያዘጋጃል። በ2016 ተጀምሮ እስከ 2040 እንዲዘልቅ ነው የታቀደው። አንድ የውጭ አገር ለግእዝ ብራና የ25 ዓመት ዕቅድ ይዟል! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል፤ ቁጭትም ይሰማኛል፤ ይህን ሥራ ከእኛ ልጆች የበለጠ ማን ሊሠራው ይገባል? በዚያው ማዕከል ከ2014 እስከ 2019 የተካሄደው ትሬሴስ የተባለው የግእዝ ቋንቋ ጥናትም በአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ገንዘብ ነው የተሠራው። በጀርመን እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ውስጥ የሚገባ የዶክትሬት ተማሪ ብዙውን ጊዜ ተቀጣሪ ነው፤ ደመወዝና የጤና መድን አለው። ማስታወቂያው የሚወጣው በክፍት የሥራ ቦታ መልክ ስለሆነ፣ ስኮላርሺፕ ብቻ የሚፈልግ ሰው አጠገቡ እያለ ያልፈዋል።

በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሚንቀሳቀሱት የማሪ ኩሪ የዶክትሬት ኔትወርኮችም እንደዚሁ ናቸው። ዜግነት አይመርጡም። አስቀድሞ ዶክትሬት ያልያዘ፣ ከቅጥሩ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በሚቀበለው አገር ከ12 ወር በላይ ያልኖረ ሰው ይፈልጋሉ። ከአገሩ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ ይህን መስፈርት ገና ከመነሻው አሟልቷል። በእንግሊዝ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ የመንግሥት የምርምር ምክር ቤቶች ከሚሰጡት የዶክትሬት ድጋፍ እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ለውጭ ዜጎች እንዲሰጥ ተፈቅዷል።

የአሜሪካው መንገድ ለየት ይላል። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለሂውማኒቲስ ዶክትሬት የሚቀበሉት ተማሪ የትምህርት ክፍያው ይነሳለታል፤ ብዙውን ጊዜ ለአምስት ዓመት መተዳደሪያ ይሰጠዋል፤ በምላሹ ያስተምራል ወይም በምርምር ያግዛል። ፕሪንስተን ላይ ፕሮፌሰር ዌንዲ ቤልቸር የሚመሩት የተአምረ ማርያም ፕሮጀክት አለ፤ በመቶ የሚቆጠሩ የግእዝ ታሪኮችን በዲጂታል መልክ ያሰባስባል። በጎረቤት ካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ግእዝ የሚሰጠው በማኅበረሰቡ መዋጮ ጭምር ነው፤ የኢትዮጵያውያን ልጅ የሆነው ዘፋኙ ዘ ዊኬንድ በ2016 ለዚህ 50,000 ዶላር ሰጥቷል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፤ ተቀባይነት ማግኘትና ገንዘብ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የቅበላ ደብዳቤ ደርሷችሁ ስለ ገንዘቡ ዝም ካለ፣ ከመደሰታችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። ለማመልከቻ የሚከፈለውን ገንዘብ ለማስቀረት የሚጠየቅበት መንገድም ብዙ ቦታ አለ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ስኮላርሺፕ አስገኛለሁ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ደላላ ግን አትጠጉ።

ከአህጉራችን መውጣት ለማይችል ሰው የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት (ዳድ) በአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚማሩ የዶክትሬት ተማሪዎች የሚሰጠው ድጋፍ አለ፤ የጌርዳ ሄንክል ፋውንዴሽን ደግሞ በሊዛ ማስኬል ስም በስቴለንቦሽና በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲዎች በኩል የሂውማኒቲስ ተማሪዎችን ሲደግፍ ቆይቷል።

እኔ ከሁሉ የማደላው ግን ለሌላ መንገድ ነው። ከዶክትሬቱ በፊት ጥሬ ሀብቱን ማዳን! የእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት ከ2004 ጀምሮ የሚመራው በአደጋ ላይ ያሉ መዛግብት ፕሮግራም ጥንታዊ ሰነዶችን ወደ ዲጂታል ለመገልበጥ ገንዘብ ይሰጣል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ያለው ተመሳሳይ ፕሮግራም ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሰነዶች ላይ ያተኩራል፤ ካሴትና ፎቶግራፍ የሚገባው እዚህ ነው። እነዚህ ገንዘቦች ዶክትሬት አያስተምሩም። ሥራውን ሠርቶ የጨረሰ ሰው ግን ወደ ማንኛውም ፕሮፌሰር ሲቀርብ እጁ ባዶ አይደለም።

የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሕይወት ለዚህ ምስክር ነው። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ቅጂው ሚኒሶታ ወደሚገኘው የሂል ገዳም ቤተ መጻሕፍት ሄደ። በ1975 በጥይት ቆስለው ከወገባቸው በታች ሽባ የሆኑት ጌታቸው እዚያ ተቀምጠው፣ ብራና በብራና እየመረመሩ ካታሎጉን ጻፉ። በ1988 የማካርተር ሽልማት አገኙ። ዛሬ የዚያ ስብስብ ብዙው ክፍል በኢንተርኔት ላይ ነው፤ በነፃ ተመዝግቦ ሐርጌሳ ላይ በስልክ ማየት ይቻላል። ለዶክትሬት ሐሳብ የሚሆን መነሻ ለመፈለግ የአውሮፕላን ትኬት አያስፈልግም።

የዲጂታል ሂውማኒቲስ አባት የሚባሉት ሮቤርቶ ቡሳም ሲጀምሩ ኮምፒዩተር አልነበራቸውም። ጣሊያናዊ ኢየሱሳዊ ቄስ ነበሩ፤ ለዶክትሬታቸው 10,000 ካርዶችን በእጃቸው ጽፈዋል። በ1949 ኒው ዮርክ ሄደው የአይ ቢ ኤሙን መሪ ቶማስ ዋትሰንን ድጋፍ ጠየቁ። የነገረ መለኮት ሊቁን የቶማስ አኩዊናስን ቃላት በሙሉ በማሽን የመዘርዘሩ ሥራ ከ30 ዓመት በኋላ በ56 ጥራዝ ተጠናቀቀ። ዋትሰን ፊት የቀረቡት ጥያቄያቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ ሥራውንም በእጃቸው የጀመሩ ሰው ነበሩ።

እናንተም እንዲሁ ቅረቡ። ሃያ ካሴት ወይም አንድ የደብር ዕቃ ቤት ውስጥ ያሉ ብራናዎችን ምረጡ። ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ ይህ ከሁሉ ይቀድማል። ማን ተናገረው፣ የት፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ ላይ ነው፣ እያላችሁ በሰንጠረዥ መዝግቡ። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ በነፃ ከሚገኙ ትምህርቶች ጀምሩ፤ መሠረታዊውን ካወቃችሁ ለመነሻ ይበቃል። ከዚያ ሥራቸውን ያነበባችሁላቸውን መምህር ምረጡና ጻፉላቸው። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። ከሥራቸው የትኛውን እንዳነበባችሁ፣ በእጃችሁ ምን እንዳለ፣ ምን ልትመረምሩ እንዳሰባችሁ ንገሯቸው፤ በመጨረሻም የተከፈለበት የዶክትሬት ቦታ እንዳላቸው ወይም ሊከፈት እንደሚችል በግልጽ ጠይቁ። ሰንጠረዡን አያይዙት። መልስ ካልመጣ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ በትሕትና አስታውሱ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሰው እለፉ። ዝምታ እምቢታ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሥራ ብዛት ነው።

ሐርጌሳ ላላችሁ የቪዛው ጉዳይ አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ድረስ ሊያስኬዳችሁ ስለሚችል ፓስፖርታችሁንና የትምህርት ማስረጃችሁን ከወዲሁ አዘጋጁ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኞቹ ማመልከቻ የሚዘጉት ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው። የምትጽፉላቸውን የሦስት መምህራን ስም ዛሬ ማታ በወረቀት ላይ አስፍሩ፤ የመጀመሪያው ደብዳቤ በዚህ ሳምንት ይላክ።