የመሥሪያ ቤት የቴሌግራም ቡድንና የታማሚ ባልደረባ ምስጢር

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ፣ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ከሠራተኞቻቸው ከፊሉ በቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ አድርገው ሥራቸውን በስልክ፣ በቴሌግራም ቡድንና በቪዲዮ ስብሰባ ማካሄድ ጀመሩ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በተዘጋ አዳራሽ ሊካሄድ የነበረ አንድ ስብሰባ ሲቀር ቫይረሱ የሚተላለፍበት አንድ አጋጣሚ ይቀራል። ለዚህም የግድ ቪዲዮ አያስፈልግም። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ስፍራ አጭር የጽሑፍ ወይም የድምፅ መልእክት የተሻለ ነው፤ የሚፈጀውም ዳታ አነስተኛ ነው።

ይሁን እንጂ የሥራው ቡድን ውሎ አድሮ የጤና ወሬ መለዋወጫ መሆኑ አይቀርም። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ከቫይረሱ ይከላከላሉ የሚለው መልእክት ከሚታመን ባልደረባ ሲመጣ ለማስተባበል ያስቸግራል። ከዚህ የከፋው ግን የታመመን ሰው ስም መጻፍ ነው። «እገሌ ተመርምሮ ተገኝቶበታል፤ ተጠንቀቁ» የሚለው መልእክት በቅን ልቦና ቢጻፍም፣ ከቡድኑ ወጥቶ ወደ ታማሚው ሠፈር፣ ወደ አከራዩና ወደ ልጆቹ ጓደኞች ይደርሳል። ላኪው ቢሰርዘው እንኳ ሌሎች ያስተላለፉት ቅጂ አይጠፋም። ይህን ያየ ሌላ ሠራተኛ በማግስቱ ትኩሳትና ሳል ቢሰማው፣ ጉንፋን ነው ብሎ ደብቆ ወደ ሥራ ሊገባ ይችላል፤ ከሕመሙ ይልቅ መገለሉን ይፈራልና።

ስለዚህ ምልክት የታየበት ሠራተኛ በቡድኑ ላይ ከመጻፍ ተቆጥቦ ለቅርብ ኃላፊው ወይም ለዚሁ ለተመደበ ተጠሪ በግል ይደውላል፤ በ8335 ወይም በ952 ነጻ የስልክ መስመርም ምክር ይጠይቃል። ተጠሪው አብረውት የዋሉትን ሰዎች ዝርዝር ከራሱ ከሠራተኛው ተቀብሎ ለጤና ባለሙያዎች ያስረክባል፤ እያንዳንዳቸውንም ለየብቻ ያነጋግራል። በቡድኑ ላይ መጻፍ ካስፈለገ «ሰኞና ማክሰኞ በሁለተኛው ፎቅ ለሠራችሁ ስልክ ይደወልላችኋል» ማለት ይበቃል። ሦስት ሰዎች ብቻ በሚሠሩበት ክፍል ግን ይህም ስም እንደ መጥራት ስለሆነ ጨርሶ አለመጻፍ ይሻላል።

ቡድኑ የማይደርሳቸውም አሉ። የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች ስማርት ስልክ ላይኖራቸው ይችላል፤ ሆኖም በየቢሮው የሚዘዋወሩትና ገቢ ወጪውን በር ላይ የሚቀበሉት እነርሱ ናቸው። መልእክቱ በስልክ ጥሪ፣ ወይም 2 ሜትር ተራርቆ በቃል ሊነገራቸው ይገባል። በሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ማንበብ ለማይችል አይደርስም።