ውሃ መውጫ ሲያጣ

ዛሬ የማካፍላችሁ በመጋቢት ወር ከክበባችን ጋር በአውቶብስ ሄደን ስላየናቸው የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ነው።

ጠዋት ከ18 ማዞሪያ ስንነሳ ሹራብ ለብሰን ነበር። መቂ ስንደርስ ሁላችንም አወለቅን። መስኮት እንክፈት ስንል «ንፋስ ይመታችኋል» ተባልን። የያዝኩት አንድ ሊትር ውሃ እዚያው አለቀ። መምህራችን እንዳስረዱን 1,000 ሜትር ወደ ታች ስንወርድ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች፤ ዝዋይ ግን 1,640 ሜትር ገደማ ናት።

የዝዋይ ሐይቅ ጨዋማ አይደለም። ለምን? የቡልቡላ ወንዝ ከሐይቁ ወጥቶ ጨውን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ወንዙ የሚገባው አቢጃታ ሐይቅ ውስጥ ነው። አቢጃታ ደግሞ መውጫ የለውም። ፀሐይ ውሃውን ስታተነው ጨውና ሶዳው እዚያው ይቀራል። ጥልቀቱም ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይጎድላል። አጠገቡ ያለው ሻላ ግን ጥልቀቱ ከ250 ሜትር በላይ ነው።

አቢጃታ ስንደርስ ውሃው ጋ ለመድረስ ብዙ በእግራችን ሄድን። ድሮ ሐይቅ የነበረው ቦታ ነጭ አፈር ሆኗል። ጥፋቱ የፀሐይ ብቻ አይደለም። ከዝዋይና ከቡልቡላ ለመስኖ ውሃ ይወሰዳል፤ ከራሱ ከአቢጃታም ለሶዳ አሽ ምርት ውሃ ተስቧል።

እኔ ሐይቅ የሚያልቅ አይመስለኝም ነበር። ለካ ከላይ ያለው ብዙ ሲወስድ ከታች ያለው ይደርቃል።

ጥያቄ፦ ቡልቡላ ወንዝ ቢደርቅ በአቢጃታ ያሉት ወፎች ምን ይሆናሉ? መልሳችሁን ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አምጡ።