ስለ እከክና «ቤታችንን ተባይ ወረሰው» ስለሚለው ጥርጣሬ

በቦርደዴና በመኢሶ ቆላ፥ እንዲሁም በጭሮ ከተማ፥ ሌሊት ሰውነቱ የሚበላው ሰው ሲገኝ በቤቱ ክርክር ይነሣል። ባል ትኋን ነው ይላል፤ ሚስት ከሰልባጅ የተገዛው ልብስ ነው ትላለች፤ ጎረቤት የቆላ ሙቀት ነው ይላል። በመጨረሻ ፍራሹ ይቃጠላል፥ ግድግዳው መድኃኒት ይረጫል፤ ማሳከኩ ግን እንደ ነበረ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ ይህ ክርክር በምን እንደሚፈታ ለመግለጽ አስበናል።

እከክ የሚመጣው በዓይን ለማየት እጅግ በምታስቸግር ደቃቅ ተባይ ነው። እንስቲቱ ከግማሽ ሚሊሜትር ታንሳለች፤ የቆዳውን ላይኛ ሽፋን እየቦረቦረች በየቀኑ 2 ወይም 3 ዕንቍላል ትጥላለች። በአንድ ሰው ገላ ላይ የሚገኙት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቢሆኑ ነው። ሊቃውንትም ቢሆኑ ይህን ለመቀበል ረዥም ዘመን ፈጅቶባቸዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1687 ዓ.ም. ቦኖሞ የተባለ ኢጣልያዊ ሐኪም ተባዪቱን በአጉሊ መነጽር አይቶ ጻፈ፤ ሐኪሞች ግን በሽታው ከሰውነት ፈሳሽ መበላሸት ይመጣል በሚለው አሳብ ስለ ጸኑ ከመቶ ዓመት በላይ ሰሚ አጣ። በ1834 ሬኑቺ የተባለ የኮርሲካ ተወላጅ ተማሪ ፓሪስ በሚገኘው በሴን ሉዊ ሆስፒታል ተባዪቱን በመርፌ እያወጣ አሳየ። ጥበቡን የተማረው ከአገሩ ሴቶች ነበር፤ ሐኪሞቹ ቀድመው እነርሱን ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ብዙ ድካም በቀረ ነበር።

በአገራችንም በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ድርቅ በደረሰ ጊዜ እከክ እንደ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። በአማራ ክልል በድርቅ በተጎዱ ወረዳዎች ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ሲመረመር ከ3 ሰው 1 ያህሉ ታሞ ተገኘ። ብዙዎች የቆሻሻ በሽታ ነው ብለው ያፍሩበታል፤ ነገር ግን ዘወትር የሚታጠበውንም ይይዘዋል። የሚተላለፈው ገላ ከገላ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ሲነካካ፥ ይልቁንም በአንድ መኝታ ብዙ ሰው ሲያድር ነው።

ምልክቱን እንመልከት። እከክ በጣቶች መካከል፥ በእጅ አንጓ፥ በብብት፥ በእምብርት ዙሪያ፥ በወገብና በኀፍረተ ሥጋ ላይ ይወጣል፤ በሕፃናት መዳፍንና ውስጥ እግርን፥ ፊትንም ይይዛል። ሌሊት ይብሳል፤ አብረው ከሚተኙትም ሌላ የሚያሳክከው ይገኛል። ትኋን ግን በገላ ላይ አይኖርም፤ ነክሶ ወደ ስንጥቁ ይመለሳል። ንክሻው ባልተሸፈነ ክንድና አንገት ላይ ብዙ ጊዜ በመሥመር ተደርድሮ ይታያል፤ በአንሶላው የደም ነጠብጣብ፥ በአልጋው መገጣጠሚያ ጥቋቍር ነጥብ ይገኛል። ቁንጫ ቁርጭምጭሚትንና ባትን ይወዳል። የልብስ ቅማል በስፌት ውስጥ ይደበቃል፤ ግርሻ የሚባለውን ትኩሳት ስለሚያስተላልፍ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን እርሱ ነው። ፍራሽ ከማቃጠል በፊት በሌሊት ባትሪ አብርቶ አልጋውን መፈተሽ ይቀድማል።

የእከክ ተባይ ከገላ ከወጣች ከ2 ወይም ከ3 ቀን በላይ አትኖርም። ስለዚህ ቤቱን በእርሻ ጸረ ተባይ መርጨት እከክን አያድንም፤ ልጆችን ግን ሊመርዝ ይችላል። ልብስና አንሶላ በጣም በሞቀ ውሃ ይታጠብ፤ ውሃ በሚቸግርበት ቦታ በላስቲክ ከረጢት አስሮ ቢያንስ 3 ቀን ማቆየት ይበቃል። ዋናው ነገር የማያሳክከው ሳይቀር ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን መታከሙ ነው፤ በሽታው መጀመሪያ ሲይዝ ማሳከኩ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ስለ ሆነ፥ ጤነኛ የሚመስለው ልጅ ተባዪቱን ተሸክሞ ይሆናል። 5 በመቶ ፐርሜትሪን ያለበት ቅባት ማታ ተቀብቶ ጠዋት ይታጠባል፤ ከ1 ወይም ከ2 ሳምንት በኋላም ይደገማል። አይቨርሜክቲን የሚባለው ኪኒን ለነፍሰ ጡርና ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃን አይሰጥም።

ተባዪቱ ከሞተች በኋላም ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ብዙ ቤት የሚታወከው እዚህ ላይ ነው። «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ደጋግሞ መቀባት ቆዳን ያቃጥላል፤ አዲስ ማሳከክም ይወልዳል።

ምንም ተባይ ሳይገኝ «በገላዬ ይሄዳል» ብሎ የሚጸና ሰውም አለ። ከቆዳው ያነሣውን ፍርፋሪ በክብሪት ቤት ይዞ ይመጣል፤ ልማዱ በሕክምና መጻሕፍት በዚሁ በክብሪት ቤት ስም ይጠራል። በ1938 ኤክቦም የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም ሕመሙን በሰፊው ገልጾታል። በ2012 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በካሊፎርንያ ከቆዳቸው ክር እንደሚወጣ የተናገሩ 115 ሰዎችን ጉዳይ መርምሮ ተባይ አላገኘም፤ ክሩ በአብዛኛው የጥጥ ነበር። የሰዎቹ ሥቃይ ግን የእውነት ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው «አብደሃል» ማለት ጭካኔ ነው፤ «አዎን፥ አየሁት» ብሎ መዋሸትም አይረዳውም። «ማሳከክህ እውነት ነው፤ ተባይ ግን አላገኘንም» ይባል፤ ከዚያም ለደም ማነስ፥ ለስኳር፥ ለኩላሊትና ለጉበት ሕመም ይመርመር። ጫት የመቃም ልማዱንም መጠየቅ ነውር አይደለም፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ እንዲህ ያሉ አነቃቂዎች በቆዳ ላይ ነገር የሚርመሰመስ ስሜት ሊያመጡ ይችላሉ። ለዚህ ሕመምም ሐኪም የሚያዝዘው የሚረዳ መድኃኒት አለ።

መምህራን ሆይ፥ እከክ የያዘው ተማሪ የመጀመሪያውን ሕክምና ባደረገ ማግስት ወደ ክፍል ሊመለስ ይችላል፤ ዴስኩን መለየት አያስፈልግም። ስሙን በጓደኞቹ ፊት አትጥሩ። ወላጁን ለብቻ አነጋግራችሁ፥ በቤቱ ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ ጠይቃችሁ፥ የሁሉንም ስም በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩ።