ስታር ትሬክን እንደገና ማየት

ጥያቄ፦ የመጀመሪያዎቹን ስድስት የስታር ትሬክ ፊልሞች እንደገና አይቼ ነጥብ ልሰጣቸው አስቤያለሁ። «ጎዶሎ ቁጥሮቹን ዝለላቸው» የሚሉኝን ልስማ?

መልስ፦ አይስሙ። ሦስተኛውን ከዘለሉ ስፖክ እንዴት እንደተመለሰ አይገባዎትም፤ ዓሣ ነባሪዎቹ ያሉበት አስቂኙ አራተኛም ታሪኩን የሚቀጥለው ከዚያ ነው።

ከሁሉ የምወደው ኒኮላስ ሜየር እ.ኤ.አ. በ1982 ዳይሬክት ያደረገው ሁለተኛው ነው፤ 9 እሰጠዋለሁ። ስለ እርጅናና ስለ ወዳጅ ሞት ሳይሸሽ ያወራል። ባላንጣው ካንና ካፒቴን ከርክ እኮ በአካል አንድም ጊዜ አይገናኙም፤ የሚዛዛቱት በስክሪን ብቻ ነው! ካንን የሚጫወተው ሪካርዶ ሞንታልባን ግን በዓይኑና በድምፁ ብቻ ፊልሙን ይገዛዋል።

የ1979ኙ የመጀመሪያው ቀርፋፋ ነው። ሮበርት ዋይዝ በ2001 ያስተካከለውን ቅጂ ይፈልጉ፤ የጄሪ ጎልድስሚዝ ሙዚቃ ተጨምሮበት 7 ይገባዋል። አምስተኛው? 4፣ እሱም ሦስቱ ጓደኛሞች እሳት ዙሪያ ስለሚጨዋወቱበት ትዕይንት ሲባል። ስድስተኛው 8።