አኰቴት በእንጀራ ቤት

አኰቴት ማለት ምስጋና ማለት ነው። ቃሉ «አእኰተ»፥ አመሰገነ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ከተራ ምስጋና ከፍ ያለ ማዕርግ ተሰጥቶታል። ኅብስቱና ጽዋው የሚከብሩበት ጸሎት አኰቴተ ቍርባን ይባላል፤ በሥርዓተ ቅዳሴውም የቅዱስ ባስልዮስ ጸሎተ አኰቴት ይደርሳል። ግሪኮችም ይህንኑ ምሥጢር ኤውካሪስትያ ብለው የሰየሙት በቋንቋቸው ምስጋና ማለት ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ አባቶቻችን ለዚህ ታላቅ ምሥጢር ስም ሲያወጡለት መሥዋዕት ወይም ማዕድ ብቻ ብለው አልተዉትም፤ ምስጋናም አሉት።

ነገር ግን ምእመን ኅብስት ይዞ ማመስገንን በመጀመሪያ የሚማረው ከማን ነው? ከካህኑ ነው እንል ይሆናል። ይሁን እንጂ ሕፃን የቅዳሴውን ቃል ለይቶ ሳያውቅ፥ እናቱ እንጀራውን ከመቍረሷ በፊት ስታማትብ፥ የወደቀውን ፍርፋሪ አንሥታ በንጹሕ ቦታ ስታኖር፥ ለእንግዳ የሚሆነውን ቀድማ ስትለይ ያያል። የመጀመሪያው የአኰቴት ትምህርት ቤት ምድጃው ነው። ስለዚህም ዛሬ የምንነጋገረው በምድጃ አጠገብ ስለሚደረገው ምስጋና ነው። ምሳሌውንም ከሩቅ አናመጣም፤ ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ እንወስደዋለን።

ቤተ ልሔም በዕብራይስጥ ቤተ ኅብስት፥ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። የሕይወት እንጀራ የሆነው ጌታ በእንጀራ ቤት መወለዱን ሊቃውንቱ በስፋት ተርጕመውታል። በየአጥቢያችን ቅጽር ውስጥም ዲያቆናት የቍርባኑን ኅብስት የሚያዘጋጁባት ታናሽ ቤት በዚሁ ስም ትጠራለች። በጋይንት ደግሞ ሌላ ቤተ ልሔም አለች፤ ድጓ የተማረ ሁሉ ያውቃታል፤ የድጓ ምስክር የሚገኝባት ስመ ጥር ደብር ናትና። በዚያው በጋይንት ዙር አባ ለዝማሬና ለመዋሥዕት፥ በእስቴ ቆማ ለዜማው ስልት የታወቁ ናቸው። ከኢየሩሳሌም አጠገብ ካለችው ከተማ አንሥቶ እስከ ጋይንት ደብር ድረስ አንድ ስም መዝለቁ ያለ ነገር አይደለም። ስሙ ዜማን አያነሣም፤ የሚያነሣው እንጀራን ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሁሉ ዜማ እስከ ዛሬ ተሸክሞ ያቆየው ማን ነው? መምህራኑ ናቸው፤ እውነት ነው። አድባራቱም ቀድሞ መሬት ነበራቸው፤ ነገር ግን በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ በታወጀ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ይዞታ አብሮ ሄደ። ጕልቱ ቀረ፤ የእመቤቲቱ መሶብ ግን አልቀረም። ተማሪው ለምዱን ለብሶ፥ አኰፋዳውን አንግቶ፥ ለውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም ቍራሹን የምትሰጠው እርስዋ ናት። ድጓን ለመዝለቅ ብዙ ዓመታት ያስፈልጋሉና አንድ ሊቅ ለምስክር እስኪበቃ ድረስ ስማቸውን የማያውቃቸው ስንት እመቤቶች እንዳበሉት መቍጠር አይቻልም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከዚያው ቍራሽ ከበሉት አንዱ ነው።

ይህች እመቤት የምታበስልበትን አገር እንመልከት። የጉና ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በፋርጣ፥ በላይ ጋይንትና በእስቴ መካከል ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ምድሩ በደቡብ ወደ ዓባይ፥ በምሥራቅ ወደ በሽሎ ሸለቆ ያሽቈለቍላል። ደጋው ገብስ፥ ስንዴ፥ ባቄላና ድንች ያበቅላል፤ ወይና ደጋው ጤፍ ይዘራበታል፤ የስማዳና የታች ጋይንት ቈላ ማሽላና ቦሎቄ ይሰጣል። ስለዚህ ከደጋ ወደ ቈላ የተዳረች ሴት ልማዷን ለውጣ እንደ አዲስ ምጣድ መልመድ አለባት፤ የማሽላ ሊጥ እንደ ጤፍ ሊጥ አይታዘዝምና።

የገብሱን ነገር ብቻ ብናነሣ እንጀራ፥ ቂጣ፥ ገንፎ፥ ቅንጬ፥ በሶ፥ ቆሎና ጠላ ይሆናል። ባቄላው ደግሞ በጾም ወራት እጅግ ይደነቃል። ቢቈሉት ቆሎ፥ ቢቀቅሉት ንፍሮ፥ ቈልተው ቢዘፈዝፉት አሹቅ፥ ፈጭተው በቅመም ቢሠሩት ሽሮ፥ ዱቄቱን አብስለው አቀዝቅዘው ቢመቱት እልበት፥ ከሰናፍጭ ጋር ቢያቦኩት ስልጆ ነው። ሰባቱን አጽዋማት አጥብቆ የሚጾም ሰው ከዓመቱ ቀኖች ከግማሽ የሚበዙትን ይጾማል። ቤተ ክርስቲያን ጾሙን ደነገገች፤ ቤተ ሰቡ ሳይሰለችና ሳይደክም ጾሙን እንዲፈጽም ያደረገችው ግን ከአንድ ቍና ባቄላ ስድስት ዓይነት ምግብ የምታወጣው እመቤት ናት። ስለ ጾም ስንሰብክ ይህን ጨምረን የምንናገር ስንቶቻችን ነን?

እንጀራውንም ብናይ፥ የዛሬው ሊጥ የሚቦካው ከትናንቱ በተረፈው እርሾ ነው። እርሾ ያለቀባት ከጎረቤቷ ትወስዳለች፤ ነገ እርስዋ በተራዋ ትሰጣለች። ሊጡ ከቦካ በኋላ ጥቂቱን ቀንሳ በፈላ ውሃ አብስላ አብሲት ታደርገውና መልሳ ትቀላቅለዋለች፤ እንጀራው ዓይን እንዲያወጣ የሚያደርገው ይህ ነው። (ከዚህ ምሥጢር ለማውጣት የሚፈልግ ሰባኪ አይጠፋም፤ እኔ ግን ሥራውን እንደ ሥራ አክብሬ ልለፈው።) ምጣዱ የሚጣደው በብዙው ደጋ በኵበት እሳት ነው፤ እንጨት ጠፍቷልና። ለእሳት የሚሄደው ኵበት ለእርሻው ፍግ ሳይሆን እንደሚቀር እርስዋም ታውቃለች፤ ነገር ግን ጥሬውን የሚያበስል ሌላ የላትም።

ከዚህም የሚበልጥ ጥንቃቄ አለባት። ዝናም ሲያጥር ሌላው እህል ሲከስም ጓያ ይቆማል፤ ነገር ግን ጓያ ብቻውን ለብዙ ወራት ከተበላ እግርን የሚያሽመደምድ ደዌ ያመጣል። ስለዚህ አስተዋይ ሴት ጓያውን ትዘፈዝፋለች፥ ውሃውን ትደፋለች፥ ከሌላ እህል ጋር ታደባልቃለች። የዘመኑም ሐኪሞች የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ሕይወት ስለ ሰጠኸን እናመሰግንሃለን ብሎ መጸለይ መልካም ነው፤ ሕይወቱን በድስት ውስጥ መጠበቅም ያው ምስጋና በእጅ ሲፈጸም ነው።

ድንችም ሌላ ታሪክ አለው። ወደ አገራችን ያስገባው በ1858 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ እንደ ሆነ ይነገራል። እንግዳ ሥር ነበረና ሰው ወዲያው አልተቀበለውም፤ እየተስፋፋ የሄደው ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት እልቂትና ረኃብ በመጣበት በክፉ ቀን ዘመንና ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ ግን በጉና ግርጌ ያለች ሴት ድንችን እንደ ቅድመ አያቶቿ እህል ትቈጥረዋለች። ጐተራው ተራቍቶ አዲሱ አዝመራ ገና ሳይደርስ ባለው ክረምት የቤቱን ነፍስ ይዞ የሚያሻግር እርሱ ነውና።

አሁን ወደ መጽሐፍ እንመለስ። ጌታችን አምስቱን እንጀራ ለአምስት ሺህ ሰው ያበላበትን ታሪክ አራቱም ወንጌላውያን ጽፈውታል፤ እንጀራው የገብስ እንደ ነበረ የነገረን ግን ዮሐንስ ብቻ ነው (ዮሐ. 6፥9)። የገብስ እንጀራ የድኻ ምግብ ነበረ፤ የጋይንት ደገኛ ይህን ሲሰማ ምን ዓይነት መሶብ እንደ ነበረ ማንም ሳይተረጕምለት ያውቃል። ዋናው ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ጌታ ያመሰገነው እንጀራው ከበዛ በኋላ፥ ሕዝቡም ከጠገበ በኋላ አይደለም፤ ገና አምስት ሳለ ነው። ሐዋርያው እንድርያስ ለዚህ ሁሉ ሰው ምን ይደርሳል ብሎ በተጨነቀበት በዚያው ጥቂት ነገር ላይ አመሰገነ፤ ከዚያም አከፋፈለ። ሁሉም ከጠገቡ በኋላ ምንም እንዳይጠፋ ፍርፋሪውን ሰብስቡ አለ። ሁሉን ማብዛት የሚቻለው ጌታ ለፍርፋሪ መጠንቀቁ ስለ ምንድር ነው? ምስጋና ሲጀመር ጥቂቱን አለመናቅ፥ ሲፈጸምም ትርፉን አለማባከን መሆኑን ሊያሳየን ነው። የደረቀውን እንጀራ ድርቆሽ አድርጋ ለመንገደኛ ስንቅ የምታኖር፥ የአደረውን ፈትፍታ ፍርፍር የምታደርግ እመቤት ዐሥራ ሁለቱን መሶብ የምትሰበስብ ናት።

ሆኖም እዚህ ላይ ልንቸኵል አይገባንም፤ ብዙ ስብከት የሚሰናከለው በዚህ ስፍራ ነውና። ጥቂት ቢኖራቸውም ያመሰግናሉ ብሎ ድኾችን ማወደስ ለጠገበ ሰው ቀላል ነው። ይህ አገር ግን የተራበ አገር ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከተጎዱት አንዱ ነበረ፤ መንግሥት በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔትን እርዳታ ሲጀምር ላይ ጋይንት፥ ታች ጋይንትና ስማዳ የምግብ ዋስትና ከሌላቸው ወረዳዎች ጋር ተቈጠሩ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን በጦር እጅ ቆየች። ቀኑን ያሰላ ካህን ጊዜው ጾመ ፍልሰታ መሆኑን ያስተውላል። በዚያ ሱባዔ በሴቶች ላይ የተፈጸመው ግፍና በየቤቱ የደረሰው ዝርፊያ በሰብአዊ መብት ድርጅት ተመዝግቦ ይገኛል። እንዲህ ያለ ነገር ለደረሰባት ሴት አመስግኚ ብሎ ለመስበክ የሚፈጥን አንደበት ዝም ቢል ይሻለዋል። የኢዮብ ወዳጆች ካደረጉት ሁሉ መልካሙ አፋቸውን ሳይከፍቱ ሰባት ቀን ከእርሱ ጋር በምድር ላይ መቀመጣቸው ነበረ (ኢዮ. 2፥13)።

በሰራጵታ የነበረችውን መበለት እንመልከት (1ኛ ነገ. 17)። ነቢዩ ኤልያስ በከተማይቱ በር ውሃና ቍራሽ እንጀራ በለመናት ጊዜ በማድጋው ካለው እፍኝ ዱቄትና በማሰሮው ካለው ጥቂት ዘይት በቀር ምንም እንደሌላት፥ እርሱንም ከልጅዋ ጋር በልታ ሞትን እንደምትጠብቅ ሳትሸሽግ ነገረችው። ነቢዩ አማርረሻል ብሎ አልገሠጻትም፤ አትፍሪ አላት እንጂ። እንግዲህ ጭንቅን በግልጽ መናገር ምስጋናን አያፈርስም። ሴቲቱ እውነቱን ተናገረች፤ ከዚያም ሄዳ ጋገረች። ኤልያስም ጋግሪልኝ ብቻ ብሎ አልሄደም፤ ዱቄቱ እንደማያልቅ የእግዚአብሔርን ቃል ሰጥቷት በቤትዋ አብሮ ተቀመጠ፥ አብሮም በላ። በተራበ ቤት ስለ ምስጋና ሊናገር የሚችል ከዚያ ቤት ጋር የተራበ ነው። ለተራበ ሰው የስንብት ቃል ብቻ ሰጥቶ የሚያሰናብተውን ሐዋርያው ያዕቆብ የነቀፈውም ስለዚህ ነው (ያዕ. 2፥15–16)።

ስለዚህ ለእኛ ለካህናት የሚከተለው ይገባናል። የሰራጵታን ታሪክ በነሐሴ፥ ጐተራ በተራቈተበት ወር በድኾች ፊት ከማብዛት በኅዳርና በታኅሣሥ፥ እህል በገባ ጊዜ ባለ ጐተራው በተገኘበት ጉባኤ ብናስተምረው ይበልጣል። በነሐሴ የሚያስፈልገው ስብከት ሳይሆን ስፍር ነው፤ በመኸር ጊዜ ከሰንበቴውና ከማኅበሩ ጥቂት ጥቂት ተለይቶ ከተቀመጠ ሰባኪው በክረምት ባዶ እጁን አይሄድም። መገበሪያ ስትቀበሉም የሰጪዪቱን ክርስትና ስም ጠይቁ፤ ስንዴውን ለቅማና አጥባ ያመጣችው እርስዋ ሳለች በጸሎት የባልዋ ስም ብቻ ሲነሣ በብዙ ቦታ ይሰማልና። ተማሪ በሚያድርበት አጥቢያ ደግሞ ቤቶቹ በተራ ቢመደቡ፥ አንዲቱ ምጣድ የሁሉን ሸክም አትሸከምም። ተማሪውንም መምህሩ አስቀድሞ ይምከረው፤ በክረምት በአንዳንድ ደጅ እመቤቲቱ ወጥታ «እንጀራ የለንም ልጄ፥ ድንች ነው ያለን» ትለዋለችና፥ በሁለት እጁ ይቀበላት።