ጥላውን አይተሽ አንሺ፦ በኤል ኢ ዲ መብራት የሰው ፎቶ ማንሳት

ሁላችንም ለቤተሰብ ፎቶ እንልካለን። እናት ግን ፎቶውን አይታ «ልጄ፣ ምነው ከሳሽ? አሞሽ ነው?» ብላ የምትጨነቅበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ ያከሳን ከጣሪያ ቁልቁል የሚወርደው መብራት ነው፤ ዓይናችን ሥር ጥላ ይጥላል፣ ጉንጫችንን ያጎደጉዳል። በዚህ ትምህርት አንድ መብራት በትክክል ማስቀመጥን እንማራለን። ነገሩ ለራሳችን ፎቶ ይጠቅማል፤ አገራችን ስንገባም ሙያ ሊሆነን ይችላል።

እኔ የምሠራው ሰልዋ ነው። ሚሽሪፍ ያለው የኩዌት ዓለም አቀፍ የኤግዚቢሽን ቦታ ቅርባችን ስለሆነ ከማዳም ጋር ልጆች ይዤ ደጋግሜ ሄጃለሁ። ሽቶና ልብስ ከሚሸጥባቸው ቦታዎች መካከል የጎብኚዎችን ፎቶ የሚያነሱ ባለሙያዎች ነበሩ። ልጆቹ ተራ ሲጠብቁ እኔ መብራቱ የት እንደቆመ አይ ነበር። ከዚያ በክፍሌ፣ በዕረፍት ቀኔም በጓደኞቼ ላይ እየሞከርኩ የተማርኩትን ነው የማካፍልሽ።

1. ለምን በርቶ የሚቆይ መብራት?

ፍላሽ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ጥላው የት እንደወደቀ የምታውቂው ፎቶው ከወጣ በኋላ ነው። ኤል ኢ ዲ ግን በርቶ ስለሚቆይ ጥላውን አስቀድመሽ በዓይንሽ ታይዋለሽ፤ ካላማረሽ መብራቱን ታዞሪያለሽ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም።

ሰው በሚበዛበት ባዛር ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው። ብልጭታ ስለሌለው ሕፃን አያስደነግጥም። እንደ ድሮው ሃሎጅን አምፖል በጣም አይግልም። በባትሪ የሚሠራም ስላለ፣ መሬት ላይ የተዘረጋ ገመድ ሰው አይጥልም። በተራ ስልክም ማንሳት ይቻላል።

ጉድለቱ ጉልበቱ ከፍላሽ ማነሱ ነው። ስለዚህ መብራቱን ወደሚነሳው ሰው አቅርቢ፣ ስልኩን በማቆሚያ ላይ አስሪ፣ ሰውየውንም ለአፍታ እንዳይንቀሳቀስ ንገሪው።

2. ጎን፣ ርቀት፣ ስፋት

ጎን፦ መብራቱን ከሰውየው ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን፣ በ45 ዲግሪ ገደማ፣ ከዓይኑ ከፍ አድርገሽ አቁሚ። ከዚያ ሁለት ምልክት ፈልጊ። አንደኛው፣ በሁለቱም ዓይኖች ውስጥ ትንሽ የብርሃን ነጥብ መታየት አለበት፤ ነጥቡ ከጠፋ መብራቱ በጣም ከፍ ብሏል ማለት ነው። ሁለተኛው የአፍንጫ ጥላ ነው፤ ወደ ጉንጭ ጎንበስ ይበል እንጂ ከንፈር ላይ አይውረድ። ጨለማ የሆነውን ጎን ለማቅለል በዚያ በኩል ነጭ ካርቶን ያዢለት።

ርቀት፦ አንድን መብራት ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር ብታርቂው ፊት ላይ የሚደርሰው ብርሃን በግማሽ ብቻ አይቀንስም፤ ወደ ሩብ ይወርዳል። ይህ በባዛር በጣም ይጠቅማል። የአዳራሹን መብራት ማጥፋት አትችዪም፤ የራስሽን ስታቀርቢው ግን ያሸንፈዋል።

ስፋት፦ የኩዌት የቀትር ፀሐይ ጥላው እንደ ቢላ የሠላ ነው፤ ደመና ሲሆን ግን ጥላው ይለሰልሳል፣ ብርሃኑ ከሰፊ ሰማይ ይመጣልና። መብራትም እንዲሁ ነው። ትንሽ አምፖል ሽክርክሪቱን ሁሉ፣ ላቡን ሁሉ ያወጣል። ባለሙያዎቹ መብራቱ ፊት ሶፍት ቦክስ የሚባል ነጭ ጨርቅ ያለው ሳጥን የሚያደርጉት ለዚህ ነው። አንቺ መብራቱን ወደ ነጭ ግድግዳ አዙረሽ የሚመለሰውን ብርሃን መጠቀም ትችያለሽ። ጨርቅ ግን አምፖሉ ላይ በፍጹም አትጣዪ፤ ሙቀት ያፍናል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

ቀለበት መብራት ርካሽና ቀላል ነው። ነገር ግን ከፊት ለፊት ስለሚያበራ ፊትን ጠፍጣፋ ያደርጋል፤ መነጽር ላይም ክብ ሆኖ ይታያል። መነጽር ያደረገ ሰው ሲመጣ መብራቱን ከፍ አድርጊና ወደ ጎን ውሰጂው፤ ነጸብራቁ ይጠፋል።

3. መብራት ስትገዢ

አሁን የምናየው ነጭ ኤል ኢ ዲ በአብዛኛው የሚሠራው ከሰማያዊ ብርሃን ነው፤ በላዩ ቢጫ የሚያበራ ቅባት ይደረግና ሁለቱ ተደባልቀው ነጭ ይመስላሉ። ሰማያዊውን ኤል ኢ ዲ የፈለሰፉት አካሳኪ፣ አማኖ እና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በርካሽ አምፖል ግን ቀይ ቀለም ያንሳል። የእኛ ጠይም ቆዳ ደግሞ ውበቱ ቀዩ ላይ ነው፤ ቀይ ሲጎድል ፊት አመዳም ይሆናል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «ሲ አር አይ» የሚለውን ቁጥር ፈልጊ። ከፍተኛው 100 ነው፤ ለሰው ፎቶ 95 እና ከዚያ በላይ ይሻላል።

ሁለተኛው ቁጥር ኬልቪን ነው። 5600 አካባቢ የቀን ብርሃን ይመስላል፤ 3200 እና ከዚያ በታች ወደ ቢጫ ያደላል። ሁለቱን አትቀላቅዪ፤ አንዱ ጉንጭ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ ይሆናል። ክፍልሽ ውስጥ ስታነሺ የጣሪያውን መብራት አጥፊ።

ሦስተኛው መርገብገብ ነው። የኩዌትም የኢትዮጵያም መብራት ኃይል 50 ሄርዝ ነው፤ ጥራት የሌለው አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይናችን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። ሐዋሊ ኢብን ኻልዱን መንገድ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ወይም አል ራይ ካለው የዓርብ ገበያ ስትገዢ፣ ከመክፈልሽ በፊት አስበሪውና በስልክሽ ካሜራ እዪው። ጥቁር መስመር ከተንቀሳቀሰ ተዪው። ያለሽ መብራት ከተርገበገበ የካሜራውን ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 አድርጊ።

4. ነጭ ዲሽዳሻና ጥቁር ዐባያ

ስልክ ፊትን ከልብስ አይለይም፤ ሁሉንም መካከለኛ ሊያደርግ ይሞክራል። ነጭ ዲሽዳሻ ያየ ስልክ ፎቶውን ስለሚያጨልም የሰውየው ፊት ይጠቁራል። ጥቁር ዐባያ ሲያይ ደግሞ ስለሚያበራ ፊት ይነጣል። መፍትሔው፦ ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣትሽ ተጭነሽ ያዢ፤ ከዚያ የሚመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እየሳብሽ ፊቱን አስተካክዪ። ልብሱ ትንሽ ቢነጣ ወይም ቢጠቁር ግድ የለም።

በነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት ለሚነሳ ጉርድ ፎቶም ይኸው ነው። ሰውየውን ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ያህል አርቂው፤ ጥላው ግድግዳው ላይ አያርፍም።

5. ራስሽን ጠብቂ

ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት ፈቃድ ጠይቂ። በኩዌት ሰውን ሳያውቅ በስልክ ማንሳትና ማሰራጨት በሕግ ሊያስቀጣ ይችላል። የምትሠሪበትን ቤት፣ ልጆቹን፣ ማዳምን ያለ ፈቃድ አታንሺ፤ በቲክቶክም አትልቀቂ።

ኢቃማሽ በአንቀጽ 20 የተሰጠ የቤት ሠራተኛ ኢቃማ ከሆነ፣ ለሌላ ሰው እየሠራሽ ገንዘብ መቀበል ከመኖሪያ ሕጉ ያጋጭሻል። ስለዚህ እዚህ ተማሪበት፤ አትነግጂበት። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ከነክፍያው ይሰጥሻል፤ ልምምድሽን በዚያ ቀን ከጓደኞችሽ ጋር አድርጊው።

ንግዱ አገር ቤት ይጠብቅሻል። በአዲስ አበባ የገናና የፋሲካ ባዛር ቤተሰብ አምሮበት የሚወጣበት ጊዜ ነው። በየክፍለ ሀገሩም ምርቃት፣ ሠርግና ክርስትና አለ። አንድ ጥሩ መብራት፣ ማቆሚያና ስልክ ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ፤ የለመደ ዓይን ግን ተገዝቶ አይገኝም።

ለመለማመድ

ሀ. እንቁላል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ። መብራቱን ከላይ፣ ከፊት፣ ከጎን እያደረግሽ ሦስት ፎቶ አንሺ። ክብነቱ በየትኛው ይበልጥ ታየ?

ለ. ጓደኛሽን መብራቱ በ1 ሜትር፣ ከዚያ በ2 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ አንሻት። ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ምን ሆነ?

ሐ. ስልክሽ ላይ ያለ የማንኛውንም ሰው ፎቶ አጉልተሽ ዓይኑን እዪ። በብርሃኑ ነጥብ ብቻ መብራቱ የት ቆሞ እንደነበር ንገሪ።