ሚጡ፣ ያንን ክራክ አትጫኚው

ቆይ ሚጡ፣ አትጫኚው። «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፊ» ሲልሽ እጅሽ ፈጥኖ ሄደ እኮ! «ከመግባቴ በፊት ውሻውን እሰሩልኝ» የሚል እንግዳ ምን ፈልጎ እንደመጣ አይጠየቅም?

ክራክ፣ ማለትም ቁልፉ የተሰበረ ሶፍትዌር፣ ስርቆት ነው ብዬ ልሰብክሽ አይደለም። ኦሪጅናሉ የሚሸጠው በዶላር ነው፤ እዚህ ሁሩታ በገጽ እየቆጠረ ኮፒ የሚያደርግ ቤት በዶላር ሶፍትዌር አይገዛም። አዳማም ሂጂ አሰላ፣ ላፕቶፕሽን ፎርማት አድርጉልኝ ብለሽ ብትሰጪ ክራክ ተጭኖበት ነው የሚመለስልሽ። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ይሄንን የሰበረው ሰውዬ ማን ነው? ምን አግኝቶበት ነው በነፃ የሚያድለው? ውስጡን አላየሽውም፣ ልታዪውም አትችዪም፤ የኮምፒውተሩን ሙሉ ሥልጣን ግን ልትሰጪው ነው።

በ2010 ዓ.ም የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ያወጣውን ጥናት ፈልገሽ አንብቢ። ውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎችና ጋዜጠኞች ኢሜይል ይላክላቸው ነበር፤ የያኔው የኦኤምኤን ቴሌቪዥን ኃላፊ ጃዋር መሐመድም አንዱ ነው። ሊንኩን ሲነኩት ቪዲዮ ያለበት ገጽ ይከፈታል። ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየርህን አድስ ይላል። «ማደሻው» ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የስለላ ሶፍትዌር ነበር። ከዚያ በፊትም በ2005 ያው ቡድን ፊንፊሸር የሚባለውን አጋልጧል፤ የዚያኛው ማጥመጃ ደግሞ የተቃዋሚው የግንቦት ሰባት ሰዎች ፎቶ ነበር። ሰዎቹን ያጠመዳቸው የተራቀቀ ነገር አልነበረም። «እሺ» የሚለውን መጫን ነው።

«እትዬ ደግሞ፣ እኔን ማን ይሰልለኛል?» ትይኛለሽ። ማንም። እኛ ቤት የሚመጣው ሰላይ ሳይሆን ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ነው፤ በአንዱ መምህር ፍላሽ ገብቶ በአሥር ተማሪ ፍላሽ ይወጣል። የሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ከጠፋ በኋላ ባለቤቱ ፊት መቆም ምን እንደሚመስል አንቺ ገና አላየሽም።

ታዲያ ምን እንጠቀም? ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሊብሬኦፊስን ጫኚ። ለፎቶ ጊምፕ አለ፤ ለቪዲዮ ቪኤልሲን ድሮም ታውቂዋለሽ። እነዚህ ኦፕን ሶርስ ናቸው፤ የተሠሩበት ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፣ የፈለገ ያነበዋል፣ ያርመዋል፣ ያካፍለዋል። አንቺ ኮዱን ቁጭ ብለሽ ታነቢያለሽ አላልኩም፤ የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሰርተፊኬትሽን ግድግዳ ላይ ብትሰቅዪውም ገና ነሽ። ግን ሌላ ሰው ያነበዋል። በመጋቢት 2016 ኤክስዜድ በምትባል፣ ሊኑክስ ውስጥ ባለች ትንሽ ፕሮግራም ላይ አንድ ሰው ተንኮል ቀብሮ ተገኘ። ለዓመታት ቅን ሠራተኛ መስሎ አመኔታ ካገኘ በኋላ ነው የቀበረው። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ነው፤ ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበትና ለምን ብሎ ቆፈረ። እንግዲህ ክፍት ስለሆነ ሌባ አይገባበትም ማለት አይደለም፤ ቆፍሮ ማየት ለሚፈልግ ሰው ግን በሩ አልተዘጋበትም። ያንቺን ክራክ ማን ይቆፍርልሻል?

ዊንዶውሱን ዛሬውኑ ነቅለሽ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጫኚ ግን አልልሽም። ካምፓስ ያሉት ጓደኞችሽ በአንድ ቀን እንድትለውጪው ይወተውቱሽ ይሆናል፤ እነሱ ፕሪንተር ፊት የቆመ ወረፋ የለባቸውም። ያ አሮጌ ፕሪንተር ሊኑክስ ላይ እንቢ ቢል የዕለቱ ገቢ ቀረ። በዎርድ የተሠራ የደብዳቤ ራስጌ ሊብሬኦፊስ ላይ ሲከፈት አንዳንዴ ይዛነፋል፤ ደንበኛ ደግሞ ማኅተሙ ቦታውን ሲስት ይቆጣል። ስለዚህ ፕሮግራሞቹን እዚሁ ዊንዶውስ ላይ አንድ በአንድ ልመጂ። ሊኑክስን በራስሽ ላፕቶፕ ሞክሪ። በነፃ ነው የሚሉሽንም ሰምተሽ በሞባይል ዳታ ልታወርጂው እንዳትነሺ፣ ብዙ ጊጋ ነው፤ ካምፓስ ስትሄጂ በዋይፋይ አውርደሽ በፍላሽ አምጪው።

አሁን ይሄንን ፋይል ክፈቺ። አዎ፣ የዕድሩን መተዳደሪያ ደንብ። ምን ይታይሻል? ጭረት ያለበት የፈረንጅ ፊደል፣ የፓውንድ ምልክት፣ የዲግሪ ምልክት… አማርኛ ነበር እኮ! የተጻፈው በድሮ የግዕዝ ፕሮግራም ነው። ያ ፕሮግራም የእንግሊዝኛውን ቦታ ወስዶ የራሱን ፊደል ይሥልበታል፤ ፎንቱ ከሌለ ሥዕሉ ይጠፋል፣ የሚቀረው ይሄ ነው። የዕድሩ ዳኛ «ኮምፒውተር ውስጥ አለ» እያሉ ስንት ዓመት ተኝተውበታል። አለ፣ ግን የሚያነበው የለም።

የያኔዎቹን ሰዎች አላማም። እነ ፍስሐ አጥላው፣ እነ ዶክተር አበራ ሞላ አሜሪካ ሆነው ኮምፒውተርን ግዕዝ ባያስተምሩት ማን ያስተምረው ነበር? ችግሩ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ቁጥር መስጠቱ ነው፤ በአንዱ የጻፍሽውን ሌላው አያውቀውም። ያንን የፈታው በፈረንጆቹ 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ተሰጠው፤ የማንም ኩባንያ ንብረት ያልሆነ፣ ሰነዱም ለሁሉ የተዘረጋ። ከዚያ በኋላ አቢሲኒካ የሚባለው ፎንት በነፃ ፈቃድ ተለቀቀ። ዳንኤል ያዕቆብና የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የሠሯቸው የፊደል ገበታዎች ኪይማን ላይ ተጫኑ፤ ኪይማን ራሱ ዛሬ ኮዱ ክፍት ነው። አንቺ ስልክሽ ላይ «ሰላም» ብለሽ ስትጽፊ አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ያለምንም ልዩ ፎንት የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው። ደንቡን ፕሪንት ከተደረገው ላይ እንደገና በዩኒኮድ ትጽፊዋለሽ፤ አውቃለሁ ያሰለቻል።

በነገራችን ላይ በቁቤ የሚጻፈው የወረዳ ማመልከቻ ይሄ ጣጣ የለበትም፤ ላቲን ስለሆነ ድሮም ይከፈታል፣ ዛሬም ይከፈታል። የሱ ጣጣ ሁዳው ነው፣ በቃሉ መካከል የምትገባው ጭረት። ዎርድ ቀጥ ያለችውን ጭረት አጣሞ ጥቅስ ያደርጋታል፣ ቃሉን ሁሉ በቀይ ያሰምርበታል፣ አንዳንዱንም ከፊትሽ ወደ እንግሊዝኛ ይቀይረዋል። የራስ ሰር ማረሚያውን አጥፊው። በአፋን ኦሮሞ የሚጽፍ ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚታገለው ነገር ነው። ኦፕን ሶርስ መሥራት እፈልጋለሁ ካልሽ እንደ ከተማ ልጆቹ አዲስ አፕ አትፈልጊ፤ የአፋን ኦሮሞ ማረሚያ መዝገብ ላይ ቃል ጨምሪ። አንቺ የአርሲ ልጅ ነሽ፣ ቃሉ አፍሽ ላይ ነው።

ስለ ቪፒኤን ደግሞ ልንገርሽ። በየካቲት 2015 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያኑ የሲኖዶስ ውዝግብ ሲነሳ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ፤ አምስት ወር ያህል። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ቪፒኤን ጫነ፤ እናታችን እንኳ «ቁልፏን አብሪልኝ» ትል ነበር። ግን ቪፒኤን ምን ያደርጋል? ቴሌ ያየው የነበረውን አሁን የቪፒኤኑ ባለቤት ያየዋል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳታውቂ በማስታወቂያ የተሞላ ነፃ ቪፒኤን መጫን ከአንዱ ዓይን ሸሽቶ ሌላው ዓይን ሥር መግባት ነው። ሳይፈን ኮዱ ክፍት ነው፤ ካስፈለገሽ ከዚያ ጀምሪ። ሙሉ በሙሉ ሲቆረጥ ግን ቪፒኤንም አያድንሽም። ዘፋኙ ሃጫሉ በተገደለ ማግስት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 የተቆረጠው ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል አልተመለሰም። በ2009 ደግሞ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ተብሎ ነው የተዘጋው። ፈተና እንዳይሰረቅ ተብሎ ያልተፈተነው ገበሬና ነጋዴ ሁሉ ጨለማ ውስጥ መግባቱን ዛሬም ትክክል ነው ብዬ አልቀበለውም። አንቺ ግን ከኔ ቁጣ ይልቅ ይሄንን ያዢ፦ የምትሠሪበት ሁሉ ነገር ደመና ላይ ብቻ ከሆነ ኢንተርኔት የተቆረጠ ቀን እጅሽ ባዶ ነው። የደንበኛ ቅጾችን፣ የዋጋ ዝርዝሩን፣ ፎንቶቹን እዚሁ ኮምፒውተርና በሌላ ሃርድ ዲስክ አስቀምጪ። ካርታም በስልክሽ አውርደሽ ያዢ፤ በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ከተሠሩት አፖች ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ አሉ።

ምስጢራዊ መልእክት መላላክ ወንጀል ነው ወይ ብለሽኛል ባለፈው። አይደለም። ግን ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ እወቂ። በሚያዝያ 2006 የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ጋዜጠኞች ሲታሰሩ የክሱ አንዱ ክፍል «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በሚባል የደህንነት መጠበቂያ መሠልጠናቸው ነበር። ማንም ከኢንተርኔት በነፃ የሚያወርደው መመሪያ ነው! አምስቱ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ የቀሩትን ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው። ነፃ እስኪሏቸው ግን ከዓመት በላይ ታስረዋል። ዛሬ ደግሞ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ 1185/2012 አለ። ተከታይሽ ከ5,000 ካለፈ ሐሰተኛ መረጃ ብታሰራጪ ቅጣቱ ይከብዳል። የጥላቻ ንግግር ምን እንዳደረገን እዚሁ አርሲ ያየን ሰዎች ነን፣ ሕግ አያስፈልግም አልልም። «ሐሰተኛ» የሚለውን የሚወስነው ማን ነው የሚለው ግን ያሳስበኛል። የቴሌግራም ቻናልሽ ላይ የምታጋሪውን ነገር ከየት እንደመጣ ሳታውቂ አታጋሪ፤ ለሕጉም ለሰዉም ሲባል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ይሄ ጠረጴዛ ነው። የፋይዳ መታወቂያ የተሠራው ሞሲፕ በሚባል ኦፕን ሶርስ ላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሕንድ፣ ባንጋሎር የተጀመረ ነው፤ ፊሊፒንስና ሞሮኮም ይጠቀሙበታል። ጥሩ ነው፤ አንድ ኩባንያ አገሩን ሙሉ በውል አስሮ አይዝም። አዋጅ 1321/2016ም የግል መረጃን ይጠብቃል ይላል። ኮዱ ክፍት፣ ሕጉ የተጻፈ። አሁን ከገጠር የመጡ አንዲት አዴ ፋይዳ ፕሪንት አድርጉልኝ ብለው ይገባሉ። ስልካቸውን ይሰጡሻል። የማረጋገጫ ቁጥሩ ይመጣል፣ አንቺ ታነቢያለሽ፣ ያለ ምንም ጥያቄ ታስገቢያለሽ። አሥር ጣታቸውን፣ የዓይን ብሌናቸውን የሰጡበት መዝገብ ቁልፍ ያቺ ቁጥር ናት፤ የያዝሽውም አንቺ ነሽ። እነዚያ በቴሌግራም ቦት ፋይዳ የሚያወጡት ልጆች ቁጥሩን ለማን እንደሚሰጡት ያውቃሉ? ያንን ቦት እዚህ ቤት እንዳላየው።

ዳውንሎድስ የሚለውን ፎልደር ደግሞ ተመልከቺ። ዲቪ ሞልተን የላክንላቸው ሰዎች ፎቶ፣ የጋብቻ ሰርተፊኬት፣ የመሬት ደብተር ስካን፣ የሰው ፓስፖርት። ይሄ ሁሉ የኛ ነው እንዴ? ማታ ከመዝጋታችን በፊት ይጠፋል፣ ሪሳይክል ቢኑም ይጸዳል። ደንበኛው ለሌላ ጊዜ አስቀምጪልኝ ካለ በራሱ ፍላሽ ስጪው።

ቁጥሩን ደግሞ ራሳቸው ያስገቡ። ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ስልኩን ከእጃቸው ሳትወስጂ፣ ምን እንደምታደርጊ እየነገርሻቸው፣ አብረሻቸው ጻፊ። በአማርኛ ካልገባቸው በአፋን ኦሮሞ ንገሪያቸው። ወረፋው ይረዝማል፣ ይርዘም። ማዶ ያለው ቤት ይፈጥናል የሚል ካለ ወደዚያ ይሂድ።